የይለፍ ቃል

ቡሬ፣ የዩኒየኑ መጋዘን፤ ሰኔ ነው፣ ቆርቆሮው ያጉረመርማል፤
ስንሻው ከአዲሱ ስክሪን ፊት መነጽሩን ይወለውላል።

ሃያ ሁለት ዓመት በእጁ የጻፈው
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ካርቦን ያጠቆረው፣
ለነገር የሚበቃ ጠርዝ ነበረው፦
«የእንየው ቢጎድል በረዶ መትቶት ነው፣ ሰው አይውቀሰው።»
«ከጥግ ያለው በቆሎ ረጥቧል፣ ቶሎ ይሸጥ።»
ሲስተሙ ግን ቁጥር ብቻ ነው የሚውጥ።

ትናንት «ሲስተም የለም» ሲሉ ልቡ ሣቀ፣ አልደበቀም፤
መዝገቡን ዘርግቶ ሲጽፍ ዋለ፣ ደከመኝም አላለም።

ባለፈው ወር ግን፣ አርባ ኩንታል ጎደለ ተብሎ
ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር፣
ያ የማይወደው ሣጥን ነበር
የወጣበትን ሰዓት፣ ያወጣውን ስም የቆጠረ፤
ስንሻው ያን ዕለት ሽንዲ ለቅሶ ነበረ።

አላመሰገነም። ማሽን ይመሰገናል እንዴ?
ብቻ ዛሬ ወንበሩን ሳበ፤ «እስቲ አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«የይለፍ ቃል ይላል፣ ጋሼ። ማንም የማያውቀው ይሁን፤
ለእኔም እንዳይነግሩኝ» ብላ ፊቷን አዞረች ባንቺዓለም።
ዝም አለ።
ለልጁ ትምህርት የሸጠውን በሬ ስም
በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል ሲለቅም
ስክሪኑ ላይ ከጥቁር ነጥብ በቀር የታየ የለም።