የኋላ ማርሽ

በሯ ግንባሯ ላይ ነው፤ እንደ ፍሪጅ የምትከፈት፣
መሪዋም ከበሩ ጋራ ወደ ውጭ የሚጎተት።
ሁለት ሰው ጎን ለጎን ትይዛለች፤ ሦስተኛው ጭን ላይ ነው።
ሞተሯ የሞተር ሳይክል፣ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው።

ከአሰብ በኤንትሬ ተጭና፣ በጨው ጆንያ መሀል፣
ፒያሳ ስትወርድ ሰው ከቦ፣ «ይህቺ ደግሞ ምን ትባላል?»
አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ሳጥኑ ላይ መታ አርጎ፣ «እንቁላል!»
በዚያው ቀረ። ሊብሬዋ ላይ ያለውን ስም ማን ያነባል?

ባለቤቷ ድሬሰር ይማም፤ ክራቫቱን የማያላላ፣
ሐሙስ ሐሙስ መርፌ ይዞ ኮምቦልቻ የሚወርድ፤ ሌላ
ባለመኪና ድሬሰር በወሎ የለም፣ እሱ እንደሚለው።
እኔ የጋሽ ወልዱ ጋራዥ ተላላኪ፤ ዕድሜዬ አሥራ አንድ ነው።

ጋሽ ወልዱ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ያወራናል፦
«ከጦርነቱ ኋላ አውሮጳ ብረቱም ቤንዚኑም አልቆበታል።
አውሮፕላን የሚሠራው ፋብሪካ ‹ክንፍ እንዳትነካ› ተባለ፤
የአብራሪውን የመስታወት ቆብ ሦስት ጎማ ላይ ተከለ፤
ሰውም በረርኩ እያለ አስፋልት ለአስፋልት ተንከባለለ።
ፍሪጅ የሚሠራው ደግሞ ይህቺን አሰበ፤ በሯን እያት፣
ሥጋና ወተት መዝጋት የለመደ እጅ ነው የገጠማት።
ተርብ አሉ፣ ንብ አሉ፣ አይጥ አሉ፤ ጣልያን ስም ሲያወጣ
ጎንበስ ብሎ ከመሬት ነው፤ አንበሳ የሚባል አልመጣ።
እንግሊዝ ቀረጥ ሊሸሽ አንድ እግሯን ቆረጠና፣
የኋላ ማርሿንም ነሣት፤ ሞተር ሳይክል ናት አለና።
የተራበ አገር፣ ልጄ፣ መኪና እንኳ ሲያልም ትንሽ ነው።»
ይህን ብሎ ይስቃል። እኛ ግን ትልቅ ነገር መስሎን ነው
ወደ ኋላ አለመሄድ።

ሰኞ ገበያ፣ ሰኔ መግቢያ፣ ዶፍ ሊወርድ ሲያጉረመርም፣
ድሬሰር ቸኩሎ ነዳት፤ ከግንቡ ሥር ሊያቆም
አፍንጫዋ ድንጋዩን ተሳለመ።
በሩ አይከፈት። ኋላ አትሄድ።
ተቀመጠ። ክራቫቱን ነካ ነካ። ጋዜጣ ዘረጋ፣
በፈቃዱ የቆየ ሰው መስሎ። ገበያው ተንጋጋ።
የበርበሬ ነጋዴዋ ዘሙ በመስታወቱ እያየች፣
«አብሽር ድሬሰር፣ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ትፈለፈላለህ!» አለች።
ለመግፋት አንድ እጅ ይበቃ ነበር። እኔ በሁለቱም ገፋሁ።

ሐረጎ ላይ ግን ጉም ነበር፤ መንገዱን የሚልስ።
ባለተሳቢው ከታች እያቃሰተ፣ እኛ ከላይ ስንደርስ፣
መታጠፊያው ላይ ፊት ለፊት። እሱ ተሳቢ አይመልስ፣
እኛ መመለሻ የለን። በጎን ገደል፣ ጭልጥ ያለ።
ሾፌሩ ወርዶ ዞረን፤ «በቃ ይህቺ ናት?» አለ።
ከረዳቱ ጋር ግራ ቀኝ ይዘው፣ እኛ ውስጧ እንዳለን፣
እንደ ሶፋ አንሥተው ቦዩ ዳር አስቀመጡን።
ድሬሰር እስከ ቦርከና ድረስ ቃል አልወጣውም።
ድልድዩ ላይ ብቻ፣ «ወልዱ ይሠራልኛል፤ ሰው ተሸክሞ አይመልሰኝም።»

ሠራ። ከሞተች ቶፖሊኖ ሆድ ጥርስ ነቅሎ፣ በሞረድ
ሦስት ወር፣ ማታ ማታ፣ በፋኖስ፤ ብረቱ እንደ አሻቦ ሲረግፍ፣ ሲወርድ።
የጨረሰ ይመስለኛል። አንድ ማለዳ ጋራዡ ተቆልፎ፤
ማርሿን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በበሩ ሥር አሳልፎ።
የት እንደሄደ የሚያውቅ፣ በዚያ ዘመን፣ አይናገርም።
የት እንደምትገጠም የሚያውቅ እሱ ነበር፤ ለእኔ አልነገረኝም።

ዛሬ ኮምቦልቻ ባጃጅ እሠራለሁ፤ የንቧን የልጅ ልጅ፣
ሕንድ ተድራ የቆየችውን። እንቁላሏ ሆጤ ናት፣ ደጅ፤
ጎማ የላት፣ መስታወት የላት።
የድሬሰር ዶሮዎች በግንባሯ ገብተው ይጥሉባታል፤ ሚስቱ ጠዋት
እጇን ሰዳ ትለቅማለች።
ማርሿ እኔ ጋ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አለች።

ደንበኛ ሲጠፋ አውጥቼ በአውራ ጣቴ አዞራታለሁ።
ግራ። ቀኝ።
በየትኛው ነበር የሚመለሰው? እረሳለሁ።