የድሮው በር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ጦሳ ጉም ተከናንቧል።
መብራቱ ሁለቴ ጠቅሶን የት እንደሄደ ማን ያውቃል።
ጀነሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣
ዋናው ሰርቨር አረንጓዴ ዓይኑን ከደነ፤ ክሩ ተበጠሰ።

ከሐረጎ ጠመዝማዛ ታች፣ ኮምቦልቻ፣
ተጠባባቂ ነበረን፤ ሰሚ ብቻ፣
ዓመት ሙሉ የዋናውን ቃል ሲገለብጥ የኖረ፣
ከራሱ አንዲት ሳይናገር ያደረ።
አስር ሴኮንድ ታገሠ፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤
«እንግዲያው እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ።

ሁለት ባላ ተክለን ነበር፤ አንዱ ተሰበረ፣
በሌላው ተንጠለጠልን፤ ተረቱ እዚህ ላይ ቀረ።
ሥራዬ ግን ከተረቱ በኋላ ነው።

ፋርማሲው ያንኑ የሞተ በር ያንኳኳል፣
ካርድ ክፍሉ ያንኑ ቁጥር ይጠራል፣
ላቦራቶሪው ደጅ ይጠናል፤
ኮምቦልቻ በሩን ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ፣
እንግዳ የቀረበት ሠርግ ይመስል ብቻውን ተጎልቶ።

ሲስተር መኪያ ደወለች፦ «ስሚኝማ ጦይባ፣
ከኩታበር በአምቡላንስ አንዲት ወላድ ስትገባ
የደሟን ዓይነት ብፈልግ፣ ስክሪኑ ይሽከረከራል፤
‹ይጠብቁ› ይላል። ደም ይጠብቃል?»

አባቴ ይመር ትዝ አለኝ፤
የሆጤ ሽማግሌ፣ የተጣላ ሁሉ የሚመጣበት።
ሰደቃው ከተበላ በኋላ እንኳ
ቆርቆሮ በራችን በሌሊት ሲንኳኳ፦
«ይመር አለ?» «የለም፤ እንድሪስ ዘንድ ሂዱ።»
እሺ ይላሉ። ነገም ያው ነው መንገዱ።
ለቅሶ የደረሰ እግር
የለመደውን በር አይረሳም።
እናቴ ሲመራት፦ «ይመር አትበሉ፤
የሽማግሌው ቤት የት ነው በሉ።
ሰው ይሞታል፤ ሽምግልና ቤት ይቀይራል።»

ቁጥሩን ከየፕሮግራሙ ሆድ ነቀልኩ፣
በቦታው ስም ተከልኩ፤ «ዋናው» አልኩ።
ዋናው ዛሬ ኮምቦልቻ ነው፤ ነገ አላህ ያውቃል።
በሞተው ደጅ የተኮለኮሉትን ግንኙነቶች ቆረጥኩ፦
ተነሡ፣ እንደ አዲስ አንኳኩ።
ፋርማሲው ተነሣ። ካርድ ክፍሉም።
ላቦራቶሪው እምቢ አለ፤
አንድ ሰነፍ ከዓመታት በፊት
ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ በእጁ ቀርጾታል።
ሰነፏ እኔ ነበርኩ።

«ኦ ኔጌቲቭ» አለች መኪያ። ዘጋችው።

ሲነጋ መብራት መጣ፤ አሮጌው ነቃ፣
ሌሊት ማለፉን ሳያውቅ፣ «ዋናው እኔ» ሊል በቃ፤
ገመዱን ቀድሜ ነቅዬው ነበር።
ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት፦ አሁን አንተ ስማ፣ አንተ ገልብጥ።

ስለ ወላዷ አልጠየቅኩም። ፈራሁ።
ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣
ጣቴ፣ ሳላዘው፣
የድሮውን ቁጥር መጻፍ ጀመረ።