ሲጢጥ

አክሮን ነን፤ ኦሃዮ፤ የካቲት፤ ጭቃና በረዶ፤
የጎማ ፋብሪካው ጢስ ከሰማይ ዝቅ ብሎ ወርዶ፤
ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ ሥር፣ አሥራ አራት ደረጃ ሄደን፣
በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ምንጣፍ አፍነን፣
"ስቱዲዮ" ያልናት ጓዳ፤
ኪራይዋን ሦስት ወር ያልከፈልን፤ የሁላችንም ዕዳ።

ቴፕ አዙሪ ነበርኩ እኔ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ፤ እሱ ነበር ሀብቴ።
ኦርቪል ከበሮ ይመታል፤
ቀን ጎማ ይቀቅላል፣ ሌሊት ቆዳ ይደልቃል፤
ከፈረቃው በቀጥታ ነው የሚመጣው፣ እጁን ሳይታጠብ፤
በከበሮው ነጭ ፊት ላይ ጥቁር ጥቁር የጣት ነጥብ።

ስምንቱን ዘፈን ጨርሰን ዘጠነኛው ቀረ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ማሞቂያው ከጠፋ ቆይቶ ነበረ፤
መንኮራኩሩ ላይ የቀረው ቴፕ የአንድ ዘፈን ዕድሜ፤
ጊታር መቺው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ እኔም ደክሜ።

ኦርቪል ጀመረ።
ብቻውን ነው፤ ጊታርና ቤዝ እስኪገቡ አራት ዙር።
በማዳመጫዬ ውስጥ፣ ከእግሩ ፔዳል፣
ሲጢጥ
አለ።
እንደ አይጥ። እንደ ሕፃን አልጋ።
ረግጦ ባነሳ ቁጥር፦
ሲጢጥ።

ሰማሁት።
እጄን ማንሳት ነበረብኝ፤ "ቁም! ዘይት አምጡ!" ማለት፤
አንድ ጠብታ ነበር፣ አንድ ጠብታ የሚበቃት።
ግን ንጋት ላይ ዳቦ ቤት እገባለሁ፤ እግሬን በርዶኛል፤ ቴፑ ይሮጣል፤
"ምናልባት" አልኩ ለራሴ፣ "ጊታሩ ሲገባ ይውጠዋል።"
ጣቴ ከቀዩ ቁልፍ ላይ ሳይነቃነቅ ቀረ፤
ዝምታዬም ከድምፁ ጋር አንድ ላይ ተቀበረ።

አምስት መቶ ሸክላ አሳተምን፤ ገንዘቡ የባንክ ብድር፤
ስልሳ ሰው ገዛልን፤ የሚበዛው የዘፋኙ ዘመድ ነበር።
ቀሪውን በካርቶን ከትተን ከደረጃው በታች፣
የጎረቤት ድመት ላዩ ላይ ተኝታ ሦስት ግልገል ወለደች።

ኦርቪል ግን ሸክላውን ሰማ፤ ደግሞ ሰማ፤
"የኔ እግር ነው" አለ፤ "በኔ እግር ነው የተበላሸው ያ ሁሉ ዜማ።"
ዱላዎቹን ለእህቱ ልጅ ሰጠ፤ ፔዳሉን በጨርቅ ጠቀለለ።
"አንቺ ሰምተሽ ነበር?"
"አልሰማሁም።"
"እንዴት?" እንኳን አላለ።

አርባ ስድስት ዓመት።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጫማ ጠጋኙ ሞተ፤ ቴፕ ሙዚየም ገባ፤
እኔ ግን እዚያችው ጓዳ፣ ስገባ ስወጣ ስገባ።

ባለፈው ኅዳር ታቪዮን የሚሉት ልጅ መጣ፣
ከብብቱ ሸክላ አወጣ፤
ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ ከድስትና ከአምፖል መሃል፣ በአንድ ዶላር ያገኘው።
ሽፋኑን ሳየው ወንበር ፈለግሁ።

መርፌው ወረደ። አቧራው ተንጣጣ።
ልጁ አራቷን ዙር ቆረጠ፣ ጫፏን ከጫፏ ሰፋት፣
በማሽኑ እያዞረ አዘገያት፣ አወፈራት፦
ዱም፣ ሲጢጥ፣ ጧ። ዱም ዱም፣ ሲጢጥ፣ ጧ።
ከዚያ ማይኩ ፊት ቆመ፤
ስለ እናቱ የሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ወንድሙ ጫማ፣ ስለ ቀዘቀዘ ምድጃ
ቃሉን ሲያወርደው ሲያወርደው፣ ሲጢጧ ዘንድ ሲደርስ ያርፋል፤
ደረጃ የሚወጣ ሽማግሌ መታጠፊያው ላይ ትንፋሽ እንደሚሰበስብ።

ለኦርቪል ደወልኩ።
በከዘራ መጣ፤ ፔዳሉ በዚያው ጨርቅ፣ የዘይት ቆርቆሮ ኪሱ ውስጥ።
"ልጄ፣ ይቅርታ" አለ፤ "ንጹሑን ልምታልህ።"
ታቪዮን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ፣
"ከበሮማ ሞልቶኛል" አለው፤ "እኔ የወሰድኩት ሲጢጡን ነው።"

ኦርቪል ተቀመጠ።
የዘይቱን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ።
እኔም ከጀርባው፣
"ሰምቼው ነበር" አልኩ። "ያን ሌሊት። ሰምቼው ነበር።"
"ምን አልሽ?" አለ፤ ግራ ጆሮውን ፋብሪካው በልቶታል።
ልደግመው አፌን ስከፍት
ልጁ በአገጩ ቀዩን መብራት ጠቆመኝ፤
ማይኩ ክፍት ነበር፤ ቀድቶኛል።
"ላጥፋው?" አለ፣ በከንፈሩ ብቻ።

"ተወው። ዘይት አትቀባው።"