የስድስት ወር ጠበቃ

ቫልፓራይሶ ነው፤ ቤቱ ከቤት በላይ፣
ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተንጠልጥሎ ገደል ላይ።
ቢሯችን ከታች ነው፣ ከዓሣ ገበያው ጎን፤
ሕግና ሰርዲን አብረው ይሸቱናል ቀኑን።

ወጉ እዚህ እንዲህ ነው፦ ጠበቃ ለመባል
ስድስት ወር በነጻ ለድሃ ይቆማል።
ለእኔ የደረሰኝ አንድ የሚያነክስ ወንበር፣
አርባ ሦስት መዝገብ፣ የማይዘጋ በር።

አለቃዬ ኦቲሊያ በመጀመሪያው ቀን
«ራየን፣ አታልቅሺ» አለች፣ «ቀጠሮ ያመልጥሻል
ዕንባ ከጋረደሽ ዐይን።»

ዶኛ ኤድልሚራ የመጣችው ሐሙስ ነው፣
ሦስት መቶ አሥር ደረጃ ወርዳ፣ ጉልበቷን እየረገመችው።
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሰው ቤት ልብስ ተኩሳለች፤
ተኳሿ እሷ ሆና፣ ቁስለኛዋም እሷው ነች።
«የጡረታ መዋጮስ?» አልኳት። ሳቀች።
«አንቺ ልጅ፣ ካውያ ይተኩሳል እንጂ ይፈርማል?» አለች።

ውል የለም። ደረሰኝ የለም። አሠሪዋ ሞቷል። ምስክር?
ኮሌታቸውን የተኮሰችላቸው ልጆቹ
«አናውቃትም» ብለው ጽፈዋል፤ ሦስት መስመር።

ከዘንቢሏ አወጣች፣ በሲባጎ የታሰሩ፣
ጋዝ ሻጩ በየዓመቱ የሚያድላቸው ካላንደሮች፣
ሠላሳ አንድ ሲቆጠሩ።
በየቀኑ ላይ መስቀል፤ በእርሳስ፣ በከሰል፣ አንዳንዴም በከንፈር ቀለም።
«ይሄ የሠራሁበት ነው፤ ባዶው እሑድ።
ይሄ ክቡ ልጄን የቀበርኩበት። በማግሥቱ መስቀል አለው፤
ሥራ ነበር፤ መሄድ።»

ሌሊቱን ቆጠርኩ።
ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰባት።
ደግሜ ቆጠርኩ፦ አራት መቶ ዘጠኝ።
ሁለቱን ቀን የት እንደጣልኩባት
ስፈልግ ነጋብኝ።

በችሎቱ ዕለት የወራሾቹ ጠበቃ
«ካላንደር!» ብሎ ሣቀ፣ በመሀረብ ታፍኖ።
እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይርዳል፤
ድምፄ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፦
«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ቀድሞ
አያዘጋጅም የሐሰት ማስረጃ።»

ዳኛው ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ። ጻፈ።
«ለኖቬምበር አሥራ አራት» ሲል፣ ችሎቱ አለፈ።
የእኔ ስድስት ወር የሚያልቀው በኦክቶበር ሠላሳ ነው።

ምን ብዬ ልንገራት?
ደረጃውን ወጣሁ፣ በየሠላሳው እየቆምኩ፣
በሃያ አራት ዓመት ጉልበቴ እያፈርኩ።
«ሌላ ልጅ ይመጣል» አልኳት፤ «መዝገቡን አስረክቤያለሁ፤
ጽፌለታለሁ ሁሉንም፣ የጠፋብኝ ሁለት ቀን እንኳ ሳይቀር።»
አልተቆጣችም። ሻይ ቀዳች።
ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ የዘንድሮው ካላንደር ነበር።

ሐሙሶቹ ሁሉ መስቀል አለባቸው።
«አሁንም ትተኩሻለሽ?» አልኳት ደንግጬ።
«የእኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው» አለች ስኳሩን እያማሰለች፣
«ሳይከፈልሽ የሠራሽው።
ነገ ቢክዱሽ፣ ልጄ፣
ማን ይመሰክርልሻል?»