የጨርቁ ጫፍ

ሐዋሳ፣ ከመነኸሪያው ጀርባ ቆርቆሮ ሱቅ አለኝ፤
አንዲት አሮጌ ሲንጀር እህል የምታበላኝ።
ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
አቶ ላንቃሞ መጡ፣ መምህር በጡረታ፤
ግራጫ ሱፍ ይዘው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣
የልጃቸው ሰርግ ቅዳሜ ነው ብለው።
ለካኋቸው፤ ጻፍኩኝ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፤
"ጨርቁን ትተው ይሂዱ፤ አይግባዎት ሐሳብ።"

አልሄዱም።

በርጩማዬን ስበው ማሽኑ ሥር ተቀመጡ፣
የሱፉን አንድ ጫፍ በጣታቸው ጨበጡ።
መቀሱን ሳነሳ "ቆይ!" ይላሉ ደንግጠው፣
ኖራ ሳሰምር ደግሞ "ጠመመ!" አፍጥጠው።
ስፌት ሳያውቁ እኔን ስፌት ሊያስተምሩ፣
አንድ መርፌ አሰብረውኝ ቅንጣት አላፈሩ።
ቀትር ሆነ። ሱፉ ሱፍ ነበር እንዳለ፤
እሳቸው ያዙት እንጂ መቀስ መች እምቢ አለ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ሳቄ ደረቀብኝ፤
እኔስ በምን ተሻልኩ? ያው ጨርቅ በእጄ አለብኝ።

ተካልኝ አልኩት ስሙን፣ አባቱን ሲተካ፤
ሃያ ሁለት ሞላው፣ ሳላስተውለው ለካ።
በሚያዝያ ነገረኝ፣ ሳህን እያጠበ፣
"ደላላው ጨርሷል፤ መንገዱ ቀረበ።"
ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ከዚያ ወዲያ ታንዛንያ፤
ስልኩ የተዘጋው ማላዊ ነው? ዛምቢያ?
ሰባት ወር ሆነው። ድምፅ የለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ
ሣር በሚግጥበት፣ ከተማው ተኝቶ፣
ተንበርክኬ ጌታን መንገድ የምመራው፤
"በዚያኛው አትውሰደው፤ በዚህ በኩል ጥራው፤
ፖሊሱን አስተኛው፤ ኬላውን ክፈትለት፤
እስከ ዓርብ ይደውል፤ ዓርብ አይለፍበት።"
"በእጅህ ነው" እላለሁ። አሜን ብዬ ስነሳ
ጨርቁ አብሮኝ ይነሳል፤ ጫፉን መች ልረሳ!
ደላላ ቤት ሮጬ፣ ብር በሞባይል ልኬ፣
ስልክ ሥር አድሬያለሁ፣ እንደ ጣዖት ተንበርክኬ።

የጸሎት እህቶቼ "እመኚው" ሲሉኝ፣
"አምኜዋለሁ" ስል እንባዬን ሲያብሱልኝ፣
ልቤ ከጓሮ ሆኖ ቀን ሲቆጥር ያመሻል፤
ጌታ እንደ ዘገየ ሂሳብ ይጽፍበታል።

"ምን ያስፈራዎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።
"ሌላ ጨርቅ የለኝም" አሉኝ፣ ዝቅ ብሎ ድምፃቸው።

እኔም ሌላ የለኝም።

ምንም አልመለስኩም። መቀሱን አስቀመጥኩ፤
ሻካራ እጃቸው ላይ እጄን አሳረፍኩ።
ጣታቸው አንድ በአንድ ሲላላ ተሰማኝ፤
ማን ለማን እንደ ለቀቀ እስካሁን ግራ ገባኝ።
ተነሱ፤ ኮፍያቸውን ግንባር ላይ ደፍተው፣
በባጃጆቹ መሃል ሄዱ፣ ሦስት ጊዜ ዞረው አይተው።

ያን ሌሊት እንደ ልማዴ ዘጠኝ ሰዓት ነቃሁ፤
ዝርዝሩ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩትና ቆየሁ።
ከታቦር ተራራ ሥር ውሻ ይጮኻል ርቆ፣
የጎረቤቴ ሕፃን ያለቅሳል ጡት ናፍቆ።
"ጌታዬ ሆይ" አልኩኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋኝ።
መዳፌን ዘረጋሁት፤ ባዶነቱ አስፈራኝ።
"የአንተ ነው ተካልኝ። ለካ፤ ቁረጥ፤ ስፋ።
መቀስህን ብፈራም እጅህን አልገፋ።"

ዓርብ ደረሰ። ስልኬ አልጮኸም። ኮቱ ግን አለቀ፤
አቶ ላንቃሞ ለበሱት፤ መስታወቴ ሳቀ።
"ትቼው መች ቀረሁ" አሉ፣ ቁልፉን እየቆለፉ፤
"በየሌሊቱ ነው የተውኩት፣ ሐሳቦች ሲሰለፉ።"

እኔም እንዲያው ነኝ። ጠዋት ጫፉን ይዤ እገኛለሁ፤
ማታ ጣቴን ቆጥሬ አንድ በአንድ እለቃለሁ።
አንዳንዴ አራት ጣት ነው። አውራ ጣቴ እምቢ ይላል።
እሱም ያውቀዋል። ይጠብቃል።