ሠላሳ አንድ ቁልፍ

ሐዋሳ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ሐይቁ በዋርካ መሃል ሲያበራ፣
ሁሉ በር አንድ ሰው ይጠብቅ ነበር፤ ደወሉም እንዲሁ፣ በተራ።
አቶ ላታሞን ሳናየው በፊት ወገቡን እንሰማ ነበር፤
ሠላሳ አንድ ቁልፍ ሲንሿሿ፣ ከዋናው በር እስከ ባንዲራው ሥር፤
የቤተ ሙከራው፣ የመጻሕፍቱ፣ የጠመኔው ሣጥን፣
የኳሱ፣ የማባዣው ክፍል፣ የሴቶቹ ሽንት ቤት እንኳን።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም፤
ከአባ ኮዳ ቀድሞ ይነሣል፣ ዘበኛው ሳያዛጋ አይወጣም።
«ዕቃ ይጠፋል» ነው ሥጋቱ፤ አንዴም ጠፍቶበት ያውቃል፤
አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ድሮ ገና፤ ስሙ ሲነሣ ዛሬም ያልበዋል።

ቡድን የላቸውም እንዳንባል ግድግዳው ላይ ስማችን አለ፤
ሰባት ሰው፣ አንድ ማኅተም፣ በአንዲት ሚስማር የተንጠለጠለ።
እንሰበሰባለን፤ እሱ ያነባል፤ እኛ ደግሞ እንፈርማለን፤
«ጥያቄ?» ይላል ሰዓቱን እያየ፤ ጥያቄያችንን ይዘን እንወጣለን።
ከዚያው ጎን በቀይ ቀለም «ድር ቢያብር» የሚል ተጀምሯል፤
ሠዓሊው ቀለም ሲያልቅበት ላታሞ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ሄዷል፤
የቀለሙ ቁልፍ ከወገቡ ጋር፤
አንበሳው ሳይታሰር ቀርቷል።

ኅዳር ላይ ወባ ጣለው።
በማግስቱ ልጁ በባጃጅ መጣች፣ ቁልፉን በፌስታል ይዛው፤
ስም የለበት፣ ቁጥር የለበት፤ የቱ የየትኛው በር እንደሆነ
የሚያውቀው ጭንቅላት ሆስፒታል ተኝቶ በትኩሳት እየነደደ ነው።

ያን ቀን ሰባታችን በየበሩ እንደ ሌባ ስንዞር ዋልን፤
አንዱን ስንሰካ፣ ሌላውን ስንነቅል፣ ልጆቹ በመስኮት ሲስቁብን።
ዱካሞ የስፖርቱና ዳልኬ የፊዚክሱ፣
በክፍለ ጊዜ ድልድል ተኳርፈው ሁለት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ የኖሩ እነሱ፣
ቤተ ሙከራው በር ላይ ተገናኙ። ሳንቃው ረግቦ ወለል ነክቷል፤
አንዱ በትከሻው ካላነሣው ሌላው ቁልፉን ማዞር አቅቶታል።
«አንሣው እንጂ!» አለ ዳልኬ፤
ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል።

ውስጡ አቧራ። ሦስት ማይክሮስኮፕ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተነሣ፤
አሥር ዓመት ሕዋስን በጠመኔ ሳስተምር፣ ለካ እዚህ ነበር የተረሳ።

ኬሪያ፣ የተማሪዎቹ ተጠሪ፣ የአሥራ አንድ ሐ ልጅ፣
የሽንት ቤቱን ቁልፍ ብንሰጣት አልዘረጋችም እጅ።
«በውጭ መቆለፉ ምን ይሠራልናል? ከውስጥ ነው መቀርቀሪያ ያጣነው» አለች፤
ስድስት ትልልቅ ሰዎች ጫማችንን አየን፤ እሷ እኛን አየች።
ባራሳ፣ የወላጅ ተወካዩ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣውን ሸጦ የመጣ፣
በማግስቱ ሦስት መቀርቀሪያ መታ፤ ከኪሱም የመረብ ክር አወጣ፤
በየቁልፉ ካርቶን አሰረበት፤ አልጋነሽ ጸሐፊዋ በጉልህ ጻፈች፣
በር በበር፣ ስም በስም፣ መነጽሯን ከፍ እያደረገች።

ሁሉ ሰመረ አልልም። ስብሰባው እስከ ማታ ተንዘላዘለ፤
ዳልኬ ወንበር ገፍቶ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ «አጀንዳው የት ደረሰ?» አለ።
የኳሱ ቁልፍ ጠፋ። ዱካሞ ማለ፣ ተገዘተ፣ ተቆጣ፤
እኔም «አላልኋችሁም?» ልል ነበር፤ የላታሞ ድምፅ ከአፌ ሊወጣ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። ቀበቶው በሁለት ቀዳዳ ጠብቋል።
ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን፤ ቆጠረ፤ ሠላሳ ላይ ቆሟል።
እጁ ወገቡን ዳሰሰ። ጩኸቱን ጠበቅን፤ ጆሯችን ቆመ።
«የኳሱ ነው አይደል? አስቀርጹ» አለ፤ ካርቶኑን እያገላበጠ ስማችንን እየደገመ።
ከዚያ ሁሉንም መልሶ ገፋልን። አንዷን ብቻ፣ የቢሮውን፣ አስቀረ፤
እሷም ብትሆን ቅጂዋ በአልጋነሽ መሳቢያ ነበረ።

አንበሳው ዛሬም አልታሰረም፤ ግድግዳው እንዳለ አለ።
ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ቤተ ሙከራው ድረስ ይገባል፤
ልጆቹ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አያነሡም፤
ላታሞ ሲመጣ አንሰማውም፤
በሩ ይንኳኳል።