ከጨዋታ ውጪ

ሳምንቱን ሙሉ ክር ነው የማየው፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማሽን ቁጥር ዘጠኝ ላይ፤
የተበጠሰ ስፈልግ፣ የላላ ስቋጥር፣
ቅዳሜ ሲመሽ ዓይኔ ራሱ ክር ይመስላል ሲታይ።
እሑድ ግን ጥቁር ቁምጣ፣ ቢጫ ባንዲራ፣
በኖራው መስመር ዳር እላይ እታች ስል የምውል፤
አሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው፦
ያየሁትን ማንሳት፣ ያላየሁትን መተው፤
ከዚህ ሌላ ከማንም ጋር የለኝም ውል።

ድሮ የሚሰድቡኝ በዓይኔ ነበር።
"ዕውር! መነጽር ግዙለት!" ሲሉኝ እስቃለሁ፤
አንዱማ የራሱን አውልቆ ወረወረልኝ፣
ማታ ስመልስለት ሻይ ጋበዘኝ፣ አመሸን ካፌው በር።
ዓይን የጋራ ነው፤ ማንም ይስታል።
ዘንድሮ ግን ስድቡ ዓይኔን አልፎ
ደሜ ውስጥ ገብቷል።

ሜዳው ከቦርከና ማዶ፤ ሙቀቱ የኮምቦልቻ፣
ከሐረጎ ቁልቁል የወረደ የደሴ ሰው
ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ የሚያማርር ብቻ።
የኛ አጥቂ በአንድ ጉልበት ቀደመ።
አነሳሁ።
"ድሮስ! እናቱ የባቲ ኦሮሞ አይደለች!"
ያለው ስኳር በዱቤ የሚሰጠኝ ባለ ሱቅ ነው፤
እናቴ ናት ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋች።

ከዕረፍት መልስ ቡድኖቹ ጎል ተቀያየሩ፤
እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም፣
ያው ጥግ፣ ያው ኖራ፣ ያው የተላጠ ጫማ።
የእንግዶቹን አጥቂ ባስቆምኩት ጊዜ
በሁለት አውቶብስ ከመጡት መሐል
"ያባቱ አማራነት ያዘው!" ሲባል ተሰማ።
አንድ ብርቱካን ልጬ እስክጨርስ
ዘሬ ተለውጦ ኖሯል።

ኳስ ውጪ ሆና፣ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።
"ስምህ ማነው ልጄ?"
"ይማም።"
"አባትህስ?"
"ወልደየስ።"
"አያትህ?"
"አሊጋዝ።"
ጣታቸው ላይ ቆጥረው ጠፋባቸው።
ወሎ ስም የሚያወጣው ለጎረቤቱ ደስ እንዲለው ነው፤
እሳቸውም ያውቁት ነበር፣
ረሱት እንጂ ጭንቅ ይዟቸው።

ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ። ባዶ ለባዶ።
አሥራ ሰባት ቁጥር፤ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
ኳስ በነካ ቁጥር ላስቲክ የሚወረወርበት፣
አንዱ በእንስሳ ስም የጠራው፣ ሌላው የሳቀበት።
ሲነሳ አየሁት፤ ትከሻው ከተከላካዩ ትከሻ እኩል፣
ከቀጭን ክር ላይ።
ክር ማየት እንጀራዬ ነው።
ክሩ አልተበጠሰም ነበር።
መታ። መረቡ ተነፋ።

እጄ ግን፣
እጄ ከሰዓቱን ሙሉ የእናቴን ስም ስትሰማ ውላ
"ለወገኑ አደላ" እንዳትባል ፈራች፤
ላለማዳላት ብላ
አዳላች።

ባንዲራው ወጣ።
ሜዳው ፈነዳ፤ "የኛ ጀግና!" አሉኝ፣ ባለ ሱቁም ጭምር።
አንድ ክንድ ባነሳ የነሱ ሆንኩ፤
ለካ ይህን ያህል ርካሽ ነበር።

ልጁ አልጮኸም፤ ዋናውን ዳኛም አልከበበም።
ሮጦ መጥቶ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፣
ላቡ ኖራው ላይ ጠብ ጠብ እያለ፦
"አይተኸኛል፣ አይደል?"
በእናቴ ቋንቋ ጠየቀኝ፤
በአባቴ ቋንቋ ዝም አልኩት።

ማታ ዘነበ። የሜዳው ኖራ ታጥቦ ወደ ቦርከና ወረደ፤
ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ይሰመራል፣ ቀጥ ያለ፣ ነጭ።
እናቴ እራት አቀረበችና "ማን አሸነፈ?" አለችኝ።
"እኩል ለእኩል" አልኳት፤
ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ እንጂ አልወረደ።

ሰኞ ጠዋት፣ ማሽን ቁጥር ዘጠኝ ላይ፣ ክር ተበጠሰ።
ማሽኑ የማንንም አያት ስም ሳይጠይቅ
ቀጥ ብሎ ቆመ።
አለቃዬ "ይማም፣ ቋጥረው እንጂ!" እስኪለኝ ድረስ
እኔም ቆሜ አየሁት።